የተሸነፈ አይነሳም

በሐምሌ አጋማሽ ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር። «የንጉሡ ስደት» የተባለው ጌም ዘጠኝ ሰሌዳዎች፣ ሃያ ሦስት ስጦታዎችና ሁለት ሠሪዎች ነበሩት። የሚሞክሩት ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው ዙር ይሸነፋሉ፤ ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። ከመቶ ተሸናፊ ወዲያው እንደገና የሚጀምረው ግን አሥራ አንድ ብቻ ነበር። ውጭ አገር ያለው አሳታሚ የጠየቀው አርባ ነው። እስከ መስከረም መጨረሻ አርባ ካልሞላ ውል የለም።

ከሁለቱ ሠሪዎች አንዷ አርፒኔ ናት፤ ሕጉን የምታወጣውም ኮዱን የምትጽፈውም እሷ ነች። ሌላው ሥዕሉን የሚሠራው ታቱል ነው። ታቱልን አንድ ባንክ ለማስታወቂያ ክፍሉ ፈልጎት መልሱን እየጠበቀ ነበር። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛለች። ውሉ ካልመጣ ወደ ባንኩ እንደሚሄድ ለአርፒኔ ፊት ለፊት ነግሯታል፤ እሷም አልተቀየመችውም። ብቻዋን እንደማትወጣው ግን ታውቃለች። እሱ ከሄደ ሦስት ዓመት የለፉበት ጌም ባለበት ይቀራል።

ጌሙ ቼዝ ነውም፣ አይደለምም። ተጫዋቹ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈረስና ሁለት ወታደሮች ይዞ ከተቃጠለች ከተማ ይወጣል። ተራራው ላይ ወዳለው በር ለመድረስ ዘጠኙን ሰሌዳዎች ማቋረጥ አለበት፤ በእያንዳንዱም ላይ በቁጥር የሚበልጠው ጠላት አድፍጦ ይጠብቀዋል። አንዱን ሰሌዳ ባለፈ ቁጥር ሦስት ስጦታ ይቀርብለትና አንዱን ይመርጣል፦ ሁለቴ የምትዘል ፈረስ፣ ወደ ኋላ መራመድ የሚችል ወታደር፣ ድንጋይ ሰንጥቆ የሚያልፍ ግንብ። ንጉሡ ከተያዘ የሰበሰበው ሁሉ ይጠፋና ከሀ ይጀምራል። ሰሌዳዎቹንም ስጦታዎቹንም ማሽኑ በየዙሩ እንደ አዲስ ስለሚደለድላቸው ማንም ሰው አንድን መንገድ ሁለቴ አያገኝም።

የሚሠሩባት ክፍል በዬሬቫን አራብኪር ሰፈር፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። በዚያ ወር መስኮት መክፈትና መዝጋት ልዩነት አልነበረውም። የታቱል አማት ከአሽታራክ የምትልከው አፕሪኮት ጠረጴዛው ላይ እየበሰለ እየፈረጠ፣ ሁለቱም በአንድ እጃቸው እየበሉ በሌላው ይሠሩ ነበር።

አርፒኔ ያደገችው ቼዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ከሁሉ በፊት የሚለመድ አንድ ሕግ አለ፦ የተሸነፈ አይነሳም። ንጉሡ ከወደቀ በኋላ አሸናፊና ተሸናፊ ሰሌዳውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ጨዋታው የተበላሸባት ቦታ ትፈለጋለች፤ ተሸናፊው በገዛ እጁ ትክክለኛውን ይጫወታል። ያኔ ብቻ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ሳያይ የተነሳ ልጅ ከመሸነፉ ይልቅ በመነሳቱ ይታማል። አርፒኔ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ስትኖር ስለቆየች፣ ጌሙን ስትሠራ ይህን ሕግ ላስገባ ወይስ ልተው ብላ አላሰበችም፤ ውሃ እንደሚፈስ ሁሉ በራሱ ገባ። ንጉሡ ሲያዝ ስክሪኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የተሳሳተው እርምጃ በቀይ ይበራል፤ ተጫዋቹ ትክክለኛውን እስኪያገኝ ድረስ ሌላ ቁልፍ አይሠራም። «ምርመራ» ብላ ሰየመችው። ሰባት ወር ፈጅቶባታል፤ የትኛው እርምጃ ንጉሡን እንደገደለው ለይቶ ማወቅ ለማሽንም ቀላል አይደለም። አብረዋት የተማሩት ሁሉ አይተው ከጌሙ ምርጡ ክፍል ይሄ ነው አሏት።

ታቱል ግን ከቼዝ ጋር የተለያየው ገና ልጅ ሳለ ነው።

«እኔ ጊዩምሪ ሳለሁ በቼዝ ትምህርት ያገኘሁት አራት ከአሥር ነው» አላት አንድ ቀን። «ይሄ ቀይ ነገር ሲበራ አስተማሪዬ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።»

«አስተማሪህ ልክ ነበረቻ።»

«ለዚህ አይደል ያልወደድኳት።»

አርፒኔ በቀልድ የምትመለስ ሰው አልነበረችም። ነገር ሲበላሽ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው ልማዷ። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ሰሌዳ አቀለለችው፤ ከመቶ አሥራ ሦስት ሆነ። ሙዚቃውን ቀየሩት፤ ወደ አሥራ አንድ ተመለሰ። ቀጥሎ ሰዎች እየጠራች እያስጫወተች ማየት ጀመረች። የጥርስ ሐኪም ቤት ነርስ መጣች፤ ታክሲ ነጂ መጣ፤ የታች ፎቁ ፋርማሲስት በምሳ ሰዓቱ ወጣ። አርፒኔ ከኋላቸው አትቆምም፤ ከጎን ትቀመጥና ከስክሪኑ ይልቅ እጃቸውን ታያለች። እጅ እንደ አፍ ይሉኝታ የለውም ትላለች።

ያየችው ነገር በሁሉም ላይ አንድ ነበር። ንጉሡ ሊያዝ ሲል ወደ ፊት ያጎነብሳሉ። ሲያዝ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ከዚያ የቀኝ አውራ ጣታቸው ወደ ስክሪኑ ታችኛው ጥግ ትሄዳለች፤ እዚያ ግን ምንም የለም። ጣቲቱ አየር ላይ ትቆያለች። ቀዩ ሲበራ ትከሻቸው ዝቅ ይላል፤ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ደስ የሚል ነገር ነው፣ በርቱ ብለው ይነሳሉ። ነርሷም እንዲህ አለች፣ ታክሲ ነጂውም። ፋርማሲስቱ አፕሪኮት ጨምሮ ወሰደ።

አርፒኔ የጣቲቱን ነገር ምርመራው እስኪመጣ መቸኮል ነው ብላ ተረጎመችው። ስለዚህ ምርመራው በፍጥነት እንዲመጣ አደረገች። ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ወረደ።

የቀራት አንድ ጥርጣሬ ነበር። ምናልባት ችግሩ ምርመራው ሳይሆን ምርመራው በደንብ አለማስተማሩ ይሆናል። ስህተትን ማሳየት እንደ ድሮ አሠልጣኟ እንደ ጓድ ማኑክያን የሚያውቅበት ሰው ደግሞ በከተማው አልነበረም። ስለዚህ ነሐሴ ሲገባ ታብሌቱን ይዛ እሳቸው ዘንድ ሄደች።

ጓድ ማኑክያን ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አስተማሪን ጓድ ብሎ መጥራት የኮሚኒስቱ መንግሥት ሲያልፍ አብሮ አላለፈም፤ አርፒኔም በሠላሳ አራት ዓመቷ ሌላ ስም አታውቅላቸውም። ቤታቸው ኖርክ ሰፈር ነው። ወደ ፎቁ ልትወጣ ስትል ድምፃቸውን ከግቢው ሰማችና ዞረች።

እንጆሪው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ናርዲ፣ ያን ጠጠር በዕጣ የሚነዳበትን የሰሌዳ ጨዋታ፣ ይጫወታሉ። ዳይስ ይወረውራሉ።

አርፒኔ ቆመች። እኚህ ሰው በአንድ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ዳይስ ተገኘ ብለው ወላጅ ያስጠሩ ሰው ናቸው። ራስ ያለው ሰው ዕድሉን በዳይስ አይለምንም ይሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። አሁን ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ሴሮብ ነው፤ ታኑን፣ ያን በውሃ የቀጠነ ጨው ያለው እርጎ፣ በትልቅ ብርጭቆ አጠገቡ አድርጎ፣ በመጠሪያ ስማቸው ላይ ጃን፣ ማለትም ውዴ፣ እየጨመረ ያሾፍባቸዋል።

«ሃይካዝ ጃን፣ ወርውር እንጂ። በእጅህ የምታሞቀው እንቁላል ነው?»

«ቢፈለፈል ካንተ የተሻለ ተጫዋች ይወጣው ነበር።»

አርፒኔን ሲያዩዋት አልደነገጡም፤ ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው ተቀመጪ አሏት። እሷም ተቀምጣ እንደ ልማዷ እጆቹን አየች። ሴሮብ ስድስትና አምስት ጥሎ «ሼሽ ቤሽ» ብሎ ጮኸና አሸነፈ። ጓድ ማኑክያን ዳይሱን ሰደቡት፤ የዳይሱን እናት ሰደቡ። እየተሳደቡ ግን እጃቸው ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው እየመለሰ ነበር። ሴሮብም የሱን ወገን ይደረድራል። የት ጋ ተሳሳትኩ ያለ የለም። የትኛውን ጠጠር ባነሳ ይሻል ነበር ያለ የለም። በቀጣዩ ሴሮብ ተሸነፈ፤ ያው ስድብ፣ ያው እጅ።

ከዚያ ጓድ ማኑክያን ታብሌቱን ተቀብለው የመጣችበትን ጉዳይ ጠየቋት። ስለ አሳታሚው፣ ስለ አርባው፣ ስለ ታቱል በአጭሩ ነገረቻቸው። ምርመራው እንደሳቸው እንዲያስተምር ምን ልጨምር ብላ ጠየቀች። ልየው እንጂ አሉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጀመሩ።

ሁለት ሰሌዳ አለፉ። ወደ ኋላ የሚራመደውን ወታደር ሲሰጣቸው «ይሄማ ከትምህርት ቤት የሚያስባርር ነው» ብለው መረጡት። ሦስተኛው ላይ ፈረሳቸውን አለቦታው አስገቡና ንጉሣቸው ተያዘ። በአፍንጫቸው ተነፈሱ። አውራ ጣታቸው ወደ ታችኛው ጥግ ሄደች። ቀዩ በራ።

ጓድ ማኑክያን ሰፊ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ ጭነው ሸፈኑት።

«ጓድ ማኑክያን፣ አልጨረሰም እኮ። ስህተቱን ሊያሳይዎት ነው።»

«አውቄዋለሁ። ፈረሱን ትቼ ወታደሩን መመለስ ነበረብኝ። አንሺልኝ።»

«ትክክለኛውን ካልተጫወቱ አያስነሳም።»

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣው?»

አርፒኔ ቀና ብላ አየቻቸው። ሴሮብ ነገሩ ቀድሞ ገባውና ታኑ ትን እስኪለው ሳቀ። ጓድ ማኑክያንም ቆይቶ ገባቸው፤ መዳፋቸውን ግን አላነሱም።

«ይሄ ሰሌዳ ተመልሶ ይመጣል?» አሉ።

«አይመጣም። ማሽኑ ሁሌ አዲስ ነው የሚሠራው።»

«ቫናድዞር ውድድር ላይ የተሸነፍሽውን ጨዋታ ታስታውሻለሽ?»

እንዴት ትረሳዋለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ጓድ ማኑክያን ያን ሰሌዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ደርድረውት፣ እርምጃዋን እስክታገኝ ተማሪው ሁሉ እያያት ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስቁመዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቼዝ ስታስብ መጀመሪያ የሚመጣባት ያ ግድግዳ ነው። ሰው ያደረገኝ እሱ ነው ብላ ደምድማ ነው የኖረችው። ይህንኑ ነገረቻቸው።

«ግድግዳውን ያዝሽና ሌላውን ረሳሽ» አሉ። «በዓመቱ ካፓን ላይ ያው ሰሌዳ መጣብሽ። ምን ተጫወትሽ?»

አሰበች። «ግንቡን ወደ ጥግ።»

«ከዚያስ?»

«አሸነፍኩ።»

«ለዚህ ነው ያቆምኩሽ። ተመልሶ እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው እንጂ መቆሙ በራሱ ምን ይረባል? ይሄ ግን ሞቷል፣ አርፒኔ ጃን። የፈሰሰ ውሃ ነው። ለምን በጣቴ ታስለቅሚኛለሽ?»

አርፒኔ ተከራከረች። በትክክል ቢጫወቱ ኖሮ እኮ ባልተያዙ ነበር፤ ዕድል አይደለም፤ ስህተቱ የራሳቸው ነው አለች። ልክ ነሽ አሏት። ይህን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ግን ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ገና ትኩስ ሳለ አይደለም አሏት። ሴሮብ ዳይሱን በጣቶቹ መሃል እያንከባለለ ጣልቃ ገባ።

«እዚህ ግቢ ስናሸንፍ እኛ ነን፤ ስንሸነፍ ዳይሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳንጣላ የኖርነው በዚህ ነው።»

«ተጣልተናል» አሉ ጓድ ማኑክያን።

«እሱ በመኪና ማቆሚያው ነዋ።» ወደ አርፒኔ ዞረ። «ያንቺም ነገር ናርዲ ነው፣ ልጄ። የቼዝ ካፖርት የለበሰ ናርዲ። ኪሱን ለምን ትፈትሺዋለሽ?»

ጓድ ማኑክያን አልሳቁም። መዳፋቸውን ከስክሪኑ አንስተው ታብሌቱን ወደ እሷ አዞሩት።

«እኔ አሁን ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ከሦስቱ ስጦታ መሃል ሁለቴ የምትዘል ፈረስ ነበረች። ወታደሩን ወስጄ ተውኳት። አሁን ብጀምር ትመጣለች?»

«ልትመጣ ትችላለች።»

«ትችላለች» አሉ፤ ቃሉን አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። «በይ ክፈችልኝ።»

አርፒኔ ምርመራውን ራሷ መልሳ አለፈችላቸው። ስትነሳ ታብሌቱን አልመለሱም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ወደ አራብኪር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ቆማ እየሄደች ነው የአውራ ጣቲቱ ነገር የተገለጠላት። ነርሷም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ጓድ ማኑክያንም ምርመራውን አልጠበቁም። ጣታቸው ቀዩ ከመብራቱ በፊት እንደገና የሚለውን ቁልፍ ፍለጋ ሄዳ ነበር። ንጉሡ በሞተበት ቅጽበት የሚቀጥለውን መንገድ አስበዋል፤ ያልመረጡትን ስጦታ፣ ያልታየውን ሰሌዳ። ከመቶ ምናልባት ሰባና ሰማኒያው ተነስቶ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ በሩን ቆልፋ ያስቀረችው እሷ ነች። ሰዎቹ እንዳልወደዱት አድርጋ የቆጠረችው መውደዳቸውን ነው።

ማወቅና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው። ሁለት ቀን ኮዱን አልነካችም። በሦስተኛው ቀን ለታቱል ያየችውን ሁሉ በተራ ነገረችው፤ ምርመራው መውጣት አለበት የሚለውን ግን ከአፏ ማውጣት አቃታት። ታቱል ጠበቃት።

«ሰባት ወር ለፍቼበታለሁ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። እኔም ቀዩን አሥራ አራት ጊዜ ቀይሬልሻለሁ።»

«ሳያዩ ይነሱ ማለት ነው?»

«ይነሱ። ማየት የፈለገ በር ይከፈትለት።»

ስለዚህ አልሰረዙትም። ንጉሡ ሲያዝ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ጣቲቱ የምትሄድበት ቦታ፣ «እንደገና» የሚል ቁልፍ ብቻ ተቀመጠ። ምርመራው ወደ ጎን ተወሰደ። ታቱል ትንሽ የእንጨት በር ሣለለት፤ የገጠር የጎተራ በር ይመስላል፤ አልተቆለፈም፣ ከላዩም ምንም ጽሑፍ የለበትም። አርፒኔ አንድ ጽሑፍ ይኑርበት ብላ ነበር። ታቱል አይሆንም አለ፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ጉዳይ ለእሱ ለቀቀችለት።

በመስከረም ማብቂያ ከተማው ውስጥ የጌም ሠሪዎች ዓውደ ርእይ ነበር። አንድ ጠረጴዛና አራት ታብሌት ተሰጣቸው። አርፒኔ እጅ በሚታይበት በኩል ተቀመጠች። ሰው ይመጣል፣ ይጫወታል፣ ንጉሡ ይያዛል፣ በአፍንጫው ይተነፍሳል፣ ጣቱ ወደ ጥጉ ትሄዳለች፤ አሁን እዚያ የሚጠብቃት ነገር አለ። ባሏ ልጅ ታቅፎ የሚጠብቃት አንዲት ሴት «አንዴ ብቻ፣ ያቺን ፈረስ ላግኛት» ብላው አራት ጊዜ ጀመረች። ባልየው ልጁን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ አዛወረ። ከዚያ ወንበር ፈለገ።

ከአርፒኔ ጋር የተማረ፣ አሁን ራሱ አሠልጣኝ የሆነ ሰውም መጥቶ ነበር። አምስተኛው ሰሌዳ ላይ ተሸነፈ። ምርመራውን በዓይኑ ፈልጎ በሩን አገኘና ገባ፤ የተሳሳተባትን እርምጃ አግኝቶ ትክክለኛውን ተጫወተ። በጣም ጥሩ ነው፣ እጅግ በጣም ጥሩ ነው አላትና ጨብጧት ሄደ። ሁለተኛ ዙር አልጀመረም። አርፒኔ አላስቀረችውም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ቁጥሩን አወጡ። ከመቶ ተሸናፊ ሃምሳ ሁለቱ ወዲያው እንደገና ጀምረዋል። በሩን የከፈተው ከመቶ ሦስት ነው። አሳታሚው በሳምንቱ ውሉን ላከ፤ ታቱልም ለባንኩ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ኖርክ ጓድ ማኑክያን ዘንድ የቀረው ታብሌት ከቁጥሩ ውስጥ አልገባም ነበር፤ የሙከራ ስለሆነ ለብቻው ነው የሚመዘገበው። አርፒኔ ከርቀት አዲሱን ሥሪት ከጫነችበት ቀን ጀምሮ ያለውን አወጣችው። በዚያ ታብሌት ላይ ንጉሡ ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ተይዟል። ተራራው ላይ የደረሰው አንድ ጊዜ ነው። ምርመራው የተከፈተው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ሴኮንድ ነው።